የነገረ ፈጅ ዋጋ፤ በጠበቃና በባለጉዳይ መካከል ስላለው የክፍያ ውል ታሪክ

«ውሃ ሲጎድል ተሻገር፥ ዳኛ ሲገኝ ተናገር» የሚለው የአበው ተረት የሚመክረው ባለጉዳዩን ራሱን ነው። ተሻገር የተባለው እርሱ ነው፤ ተናገር የተባለውም እርሱ ነው። ሌላ ሰው ስለ እርሱ እንዲሻገርለት ወይም እንዲናገርለት ተረቱ አላሰበም። የቀድሞው የኢትዮጵያ ሙግትም የተነሣው ከዚሁ አሳብ ነው። ከሳሽ በገዛ አፉ ይከሳል፥ ተከሳሽ በገዛ አፉ ይመልሳል፥ ዳኛውም የሁለቱን ቃል አስተያይቶ ይፈርዳል። ነገር ግን አንደበት ለሰው ሁሉ እኩል አልታደለም። ርስቱን የተቀማ ሰው ሁሉ ነገር ዐዋቂ አይደለም፤ ርስት የሚቀማ ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ነገር ዐዋቂ ነው።

ስለ በላ ልበልሃ ውበት፥ ስለ ተሟጋቹ አቋቋም፥ ስለ አነጋገሩም ስልት ብዙ ተብሏል። ስለ ዋጋው ግን የተባለው ጥቂት ነው። ለማይናገረው ሰው ማን ይናገርለት ነበር? የተናገረውስ በምን ይካስ ነበር? ክፍያው ከነገሩ በፊት ነው ወይስ ከፍርዱ በኋላ? ጥያቄው የገንዘብ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ድኃው ሰው ከዳኛ ፊት ደርሶ ሊሰማ መቻሉን ወይም አለመቻሉን የሚወስነው ይኸው ነው።

ከስሞቹ መጀመር ይገባል። በአማርኛ ስለ ሌላ ሰው ነገር የሚቆመውን ሰው የምንጠራባቸው ስሞች ሦስት ናቸው፤ ነገረ ፈጅ፥ ጠበቃና ወኪል። ነገረ ፈጅ ማለት ነገርን የሚፈጅ፥ ይኸውም የሚጨርስ ነው። «ፈጀ» የሚለው ግስ ግን ሁለት ፊት አለው፤ ሥራን ከዳር ማድረስም ይሆናል፥ ሀብትን አሟጦ ማጥፋትም ይሆናል። ሙግት ከዓመት ወደ ዓመት የተጓተተበት ባለርስት፥ ነገረ ፈጁ የፈጀው ነገሩን ነው ወይስ ከብቱን ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ጠበቃ «ጠበቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን የሚከላከልን፥ በሌላው ላይ ጥቃት እንዳይደርስ የሚቆምን ሰው ያመለክታል። ወኪል ደግሞ በግዕዝ «ተወከለ»፥ ማለት ታመነ፥ ተማመነ ከሚለው ቃል ጋር ዝምድና አለው፤ ዐረቦችም በዚሁ መልክ ይጠሩታል።

ከስሞቹ ይልቅ ግሶቹ የበለጠ ይናገራሉ። ባለጉዳይ ጠበቃ «ያቆማል»፥ ጠበቃ «ይይዛል»፥ አንዳንድ ጊዜም ጠበቃ «ይገዛል» ይባላል። ሦስቱ አነጋገሮች በእርግጥ ሦስት ዐይነት ውል ናቸው። የሚቆመው ለአንድ ቀን ነገር የሚቆም ነው። የሚያዘው ነገር ይምጣም አይምጣም አስቀድሞ የተያዘ፥ በደጅ የሚገኝ ሰው ነው። የሚገዛው ግን በገንዘብ የመጣ ነው፤ በዚህ በሦስተኛው ቃል ውስጥ ጥቂት ንቀት ይሰማል። ዘመድ አይገዛም፤ ጠበቃ ግን ይገዛል።

የጥብቅና ዋጋ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት፥ በቀድሞው ችሎት ወጪው ከየት ይመጣ እንደ ነበረ ማየት ያስፈልጋል። ዳኛው ከመንግሥት የተቆረጠ ደመወዝ አልነበረውም። ሹመቱም ዳኝነቱም አንድ ነበሩና፥ አገር የተሾመው መኰንን በዚያው አገር ላይ ይፈርድ ነበር፤ ከፍርዱ የሚገኘውም ገቢ የሹመቱ ጥቅም ሆኖ ይቈጠር ነበር። ለዳኛው የሚከፈለው «ዳኝነት» ተብሎ ይጠራ ነበር። ሥራውና የሥራው ዋጋ በአንድ ቃል መጠራታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ተሟጋቾች ለነገሩ ዋስ ይጠራሉ፤ ዋስ ያጣ ሰው ከባላጋራው ጋር ተቈራኝቶ፥ የነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ ወይም በሰንሰለት ተያይዘው፥ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ አብረው ይውሉ ያድሩ ነበር። ቁራኛ የሚባለው ይህ ነው። ዋስ የሚሆን ዘመድና ወዳጅ ያለው ሰው ቤቱ እያደረ ሲሟገት፥ ባይተዋሩ ግን ከሥራው ተለይቶ በባላጋራው እግር ይጎተታል። የሙግት የመጀመሪያው ዋጋ እንግዲህ ገንዘብ ሳይሆን ቀን ነበር።

ሁለተኛው ዋጋ ውርርድ ነው። ተሟጋቹ አንድ ቃል ተናግሮ ባላጋራው ሲክድበት፥ ነገሩ እውነት ለመሆኑ ይወራረዳል። ማር፥ በቅሎ፥ ፈረስ የውርርድ ስሞች ነበሩ፤ እየቆየም በገንዘብ ይተመኑ ጀመር። አንዱ «እሰጥ» ብሎ የሚሰጠውን ይጠራል፥ ሌላው «አገባ» ብሎ ውርርዱን ይቀበላል። ዛሬ ከንቱ ክርክርን «እሰጥ አገባ» የምንለው ከዚሁ የችሎት ሥርዓት ተወስዶ ነው። የተረታው የጠራውን ይከፍላል፤ የሚቀበለው ግን ብዙውን ጊዜ ረቺው ሳይሆን ዳኛው ነበር።

ሥርዓቱ ሲታይ ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን በውስጡ ጭካኔ አለበት። አንድ በሬ ያለው ገበሬ፥ ዐሥር በሬ ካለው ጋር ሲሟገት፥ ባለጸጋው በቅሎ ቢወራረድ ለእርሱ ቀላል ነው፤ ቢረታም አይጎዳም። ገበሬው ግን «አገባ» ቢል የዓመት ጉልበቱን በአንድ ቃል ላይ ያስይዛል፤ እንቢ ቢልም በነገሩ የማይተማመን መስሎ በዳኛውና በሸንጎው ፊት ይታያል። ስለዚህ በችሎት የሚያስፈልገው ዕውቀት ሕግን ማወቅ ብቻ አልነበረም። የትኛውን ቃል መካድ፥ የትኛውን ማመን፥ በየትኛው መወራረድ፥ በየትኛውም ዝም ማለት እንደሚገባ ማወቅ ነበር። በችኰላ የወጣ አንድ ቃል በቅሎ ያስከፍላል። ነገረ ፈጅ ይፈለግ የነበረው እንግዲህ ስለ ጣፋጭ አነጋገሩ ብቻ ሳይሆን፥ ባለጉዳዩን ከገዛ አፉ ስለሚያድነው ጭምር ነው።

በመጀመሪያ ይህን ሥራ የሚሠራው ዘመድ ነው። ርስት የአንድ ሰው ሀብት ሳይሆን ከአንድ አባት የተወለዱ ሁሉ ድርሻ ስለ ሆነ፥ ስለ ርስት የሚነሣው ነገርም የአንድ ሰው ነገር ሆኖ አይቀርም። አሜሪካዊው የባህል ጥናት ሊቅ አለን ሆበን በጎጃም በደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ሲያሳትም፥ የአንድ አባት ልጆች ስለ መሬታቸው ጉዳይ የሚወክላቸውን ሰው «ፈጅ» ብለው ይጠሩት እንደ ነበር አመልክቷል። ይህ ሰው ለንግግሩ የተቆረጠ ዋጋ የሚቀበል ቅጥረኛ አይደለም። ከባለድርሻዎቹ አንዱ ነው፤ ነገሩ ቢረታ የእርሱም ድርሻ ይሰፋል፥ ነገሩ ቢረታበት ግን እርሱም አብሮ ያጣል። በዛሬው አነጋገር ክፍያው በውጤቱ ላይ የተንጠለጠለ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን በመካከሉ ውል የሚባል ነገር አልነበረም፤ ውሉ የትውልዱ ሐረግ ነው።

ሁለተኛው ዐይነት የጌታ ነገረ ፈጅ ነው። መኳንንትና ገዳማት ሰፊ መሬት፥ ብዙ ጭሰኛና ብዙ ጎረቤት ስለ ነበራቸው ነገር አይለያቸውም ነበር። መኰንን ከባላገር ጋር እኩል ቆሞ፥ አደግድጎ፥ ቃል ለቃል ሊመላለስ ክብሩ አይፈቅድለትም። ስለዚህ ከቤቱ ሰዎች መካከል ነገር የሚያውቀውን መርጦ ይልካል። ይህ ሰው በቤቱ ይበላል፥ በዓመቱ ልብስ ይለብሳል፥ ድርጎ ይሰፈርለታል፥ እንደ ሌላው ባለሥራ ሁሉ ማደሪያ የሚሆን መሬት ሊሰጠው ይችላል። ነገር ቢበዛ ድርጎው አይጨመርም፤ ነገር ባይኖርም አይቀነስም። አውሮፓውያን ለጠበቃ አስቀድመው የሚሰጡት ገንዘብ፥ ይኸውም ጠበቃው በሌላው ወገን እንዳይቆም አድርጎ የሚይዘው ገንዘብ፥ በእኛ አገር የነበረው መልክ ይህ ነው። የጌታውን እንጀራ የበላ ነገረ ፈጅ በጌታው ላይ ሊቆም አይችልም። የተከፈለው ለንግግሩ ብቻ ሳይሆን ለዝምታውም ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ከሁለቱ የወጣ ነው፤ ዘመድም ያልሆነ፥ የጌታም ቤት ያልያዘው፥ በአንደበቱ ብቻ የሚኖር ሰው ነው። ችሎት በሚዋልበት ስፍራ ሁሉ፥ በአፈ ንጉሡም ሆነ በወምበሮቹ ደጅ፥ ነገር ሲሰማ የሚውል ሰው አይጠፋም ነበር። ብዙ ፍርድ በመስማት ሥርዓቱን ያጠናል፤ የትኛው ዳኛ የትኛውን ምሳሌ እንደሚወድ ያውቃል። ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ እንደ ሆነ ደግሞ ከፍትሐ ነገሥቱ ቃል እየጠቀሰ ይናገራል። የሩቅ አገር ባላገር ይግባኝ ብሎ ወደ ከተማ ሲመጣ፥ በማያውቀው ችሎት ፊት ብቻውን ከመቆም ይህን ሰው ይዞ መቆምን ይመርጣል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ እውነተኛው የዋጋ ውል የሚጀምረው፤ ሁለት ባዕዳን ሰዎች «ስንት?» ተባብለው የሚጠያየቁበት ቦታ ይህ ነውና።

ይህ ውል በቃል የሚፈጸም፥ በምስክርና በዋስ የሚጸና ነበር። ባላገሩ በእጁ ጥሬ ብር እምብዛም የለውም። የያዘው ስንቅ፥ የቀረው ከብት፥ ተስፋ የሚያደርገውም መሬት ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚሰጠው ጥቂት ነው፤ ዋናው ካሣ ከፍርዱ በኋላ የሚጠበቅ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱም ወገኖች የሚፈሩት ነገር አላቸው። ባለጉዳዩ፥ ነገረ ፈጁ የተሰጠውን በልቶ ከባላጋራው ጋር በስውር እንዳይስማማበት ይፈራል። ነገረ ፈጁ ደግሞ፥ ባለጉዳዩ ርስቱን ካገኘ በኋላ ወደ አገሩ ገብቶ እንዳይረሳው ይፈራል። ከረታ በኋላ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ከተረታ በኋላ የሚከፍል ሰው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

የንግግር ዋጋ እንደ ንግድ ዋጋ በግልጥ መጠራቱን ሰው ይሸሽ የነበረው በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ በዐረብኛ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰ መጽሐፍ ሲሆን፥ የሥጋዊው ክፍሉ ብዙ ነገር የሮማና የቢዛንታይን ነገሥታትን ሕግ መሠረት ያደረገ ነው። በዚያው በሮማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ204 ዓመት የወጣው የኪንኪያ ሕግ፥ ስለ ሌላው ሰው በችሎት የሚናገር ሰው ስጦታ እንዳይቀበል ከልክሎ ነበር፤ መናገር የባለሟልነትና የወዳጅነት ሥራ እንጂ የገበያ ሥራ አይደለም ተብሎ ይታሰብ ነበርና። ክልከላው በሥራ አልጸናም። በ47 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ንጉሠ ነገሥቱ ቀላውዴዎስ ዋጋውን ፈቅዶ፥ ከ10,000 ሴስተርስ እንዳይበልጥ ወሰነ። በእንግሊዝም በከፍተኛው ችሎት የሚናገሩት ጠበቆች የሚቀበሉት የክብር ስጦታ ነው ተብሎ፥ ዋጋቸውን በክስ መጠየቅ ሳይችሉ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ ቆይተዋል። ስጦታ የተባለ ነገር አይከሰስበትም፤ ዋጋ የተባለ ግን ይከሰስበታል።

በኢትዮጵያ ይህ የስጦታና የዋጋ መደባለቅ ሌላ አደጋ ነበረበት። «መማለጃ» የሚለው ቃል ከ«ማለደ» የወጣ ነው፤ አማላጅም ከዚያው ነው። በቃሉ ጠባይ መማለጃ ማለት የሚማልዱበት ነገር፥ ደጅ ሲጠኑ በእጅ የሚይዙት ነው። በጊዜ ብዛት ግን ከጉቦ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ዳኛው ደመወዝ በሌለው ዘመን፥ ወደ ታላቅ ሰው ፊት ባዶ እጅ መቅረብ ነውር በሆነበት አገር፥ እጅ መንሻ የት ላይ አልቆ ጉቦ የት ላይ እንደሚጀምር መለየት ቀላል አልነበረም። ነገረ ፈጁም በዚህ በጨለማው ወሰን ላይ ይቆም ነበር። ባለጉዳዩ የሚሰጠው ገንዘብ ከነገረ ፈጁ እጅ ይቀራል ወይስ ወደ ዳኛው ያልፋል? የተቀበለው ሰው ለራሱ ቢያስቀረው እንኳ «ለዳኛው ሰጠሁልህ» ሊል ይችላል፤ ባለጉዳዩም ይህን መርምሮ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ፍትሐ ነገሥት ዳኛ መማለጃ እንዳይቀበል አጥብቆ ያዝዛል። ነገር ግን በዳኛውና በተሟጋቹ መካከል የሚቆመው ሰው ስንት መቀበል እንደሚገባው የተቆረጠ ልክ እስካልነበረ ድረስ፥ ለጉቦ የሚሆን መሸፈኛ ሁልጊዜ ይገኝ ነበር። የጥብቅና ዋጋ በጽሑፍ መቆረጡ ባለጉዳዩን ከጠበቃው ከመጠበቁ ይልቅ፥ ፍርዱን ራሱን መጠበቁ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ለውጡ የመጣው ቀስ በቀስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ፥ የዳኝነቱ ሥራ በአፈ ንጉሥ ነሲቡ እጅ ሆነ። በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር የተደረገውና በክሎቡኮውስኪ ስም የሚጠራው ውል፥ በውጭ አገር ሰውና በኢትዮጵያዊ መካከል የሚነሣው ነገር ቆንስል ባለበት ችሎት እንዲታይ አደረገ። ከዚህ ወዲህ በአዲስ አበባ የተፈረመ የውክልና ወረቀትና በጽሑፍ የተቆረጠ ዋጋ ያለው ጠበቃ የውጭ ነጋዴዎች ይዘውት የመጡ ልማድ ሆኖ ይታይ ጀመር። በኋላም ክስ በጽሑፍ መቅረብ ሲጀምር፥ ከነገረ ፈጁ አጠገብ ሌላ ሠራተኛ ተቀመጠ፤ ይኸውም ራፖር ጸሐፊው ነው። በፍርድ ቤት አጥር ሥር ወረቀቱንና ቀለሙን ዘርግቶ፥ ማመልከቻውን በገጽ ተስማምቶ የሚጽፍ ሰው ነው። የእርሱ ዋጋ ያልተድበሰበሰ ነበር። ጽፎ ይቀበላል፤ ፍርዱ ምንም ቢሆን አያገባውም።

ከጣልያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 2 የፍርድ ቤቶቹን ደረጃ ሲያቆም፥ የአሮጌው ሥርዓት መሠረት ተነቃነቀ። ዳኛው ደመወዙን ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚቀበል ሠራተኛ ሆነ። ውርርድ ከችሎት ወጣ። «ዳኝነት» የሚለው ስም ግን አልጠፋም፤ ቀድሞ ለዳኛው ይገባ የነበረው፥ አሁን የዳኝነት ገንዘብ ተብሎ በክሱ ግምት ልክ ለመንግሥት የሚገባ ሆነ። በ1939 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 90 የቆሙት አጥቢያ ዳኞች እስከ 25 ብር የሚደርሰውን ነገር በመንደራቸው እንዲያዩ ተደረገ። በዚህ ስፍራ ጠበቃ የሚያቆም ሰው አይገኝም ነበር፤ የጠበቃው ዋጋ ከነገሩ ዋጋ ይበልጣልና። የአንደበት ሥራ የቀረው፥ በላይኛው ፍርድ ቤትና በርስት ነገር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1952 የጠበቆች መመዝገቢያ ደንብ በወጣ ጊዜ፥ ከላይ የተነገረው ሦስተኛው ዐይነት ሰው፥ የችሎት ደጅ አዳሪው፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በመዝገብ የሚታወቅ ባለሙያ ሆነ። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት በጥብቅና የቆሙት ኢትዮጵያውያን ትምህርታቸው ባመዛኙ የችሎትና የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። አዲሱን የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር፥ አሮጌውን ሙግት በቃል የሚያውቁ፥ በሁለት ዘመን መካከል የቆሙ ሰዎች ነበሩ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጥናት ትልቅ ነገር አለው። በውክልና አንቀጾቹ፥ ወኪሉ በውሉ የተቆረጠለትን ዋጋ ይቀበላል ይላል፤ ነገር ግን ዋጋው ከሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ የበዛ እንደ ሆነ ዳኞች ሊቀንሱት ይችላሉ። ዋጋ ያልተቆረጠ እንደ ሆነ ደግሞ፥ ሥራው ሙያው ካልሆነ ወይም በልማድ የሚከፈልበት ካልሆነ በቀር ወኪሉ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። የሕጉ አርቃቂ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ ይህን ሲጽፍ ምንጩ የአውሮፓ ሕግ ነበር። ሆኖም የአበሻ ባላገር ቢያነበው የሚያውቀውን ነገር ያገኝበታል፤ የዘመድ አንደበት በነጻ ነው፥ የባለሙያ አንደበት ግን በዋጋ ነው። ይኸው ሕግ በቁጥር 2205፥ ወኪል ያለ ልዩ ሥልጣን ነገር ማስታረቅ ወይም ክስ ማቅረብ አይችልም ሲል፥ ነገረ ፈጁ ከባላጋራ ጋር በስውር እንዳይስማማ የነበረውን የጥንት ፍርሃት የሚያስታግሥ ሆነ። ወካዩም ውክልናውን በፈለገ ጊዜ ሊሽር ይችላል። ጠበቃውም በበኩሉ ነገሩ ተጋምሶ እንዳይባረር ስለሚሠጋ፥ ዋጋውን ከፋፍሎ መቀበልን ለመደ፤ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን መዝገቡ ሲከፈት፥ የቀረውን ፍርዱ ሲወጣ።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ሁለት ነገሮችን ለየ። ባለጉዳዩ ከጠበቃው ጋር የተስማማበት ዋጋ አንድ ነገር ነው፤ የተረታው ወገን ለረቺው የሚከፍለው ወጪና ኪሣራ ሌላ ነገር ነው። ሕዝቡ ሁለቱን ሲያደባልቅ ይታያል። «ከረታሁ ጠበቃዬን ባላጋራዬ ይከፍልልኛል» ብሎ የሚያስብ ባለጉዳይ ብዙ ነው። ፍርድ ቤቱ ግን የወጪውን ዝርዝር አይቶ፥ ተገቢ መስሎ የታየውን ያህል ብቻ ያስከፍላል፤ ለጠበቃ አበል ብዙ ጊዜ የሚታየው ልክ ከተፈረደው ገንዘብ ከመቶ ዐሥር ነው። ውሉ ከዚህ በልጦ ከሆነ ትርፉ ከባለጉዳዩ ኪስ ይወጣል። የሆነ ሆኖ ከአሮጌው ውርርድ ጋር ሲተያይ ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ቀድሞ የተረታው የሚከፍለው ለዳኛው ነበር፥ አሁን ግን የሚከፍለው ለደከመው ባላጋራው ነው። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ያቃተው ሰውም በድኃ ደንብ ሊከስ ይችላል። ይህ ደንብ ግን የመዝገቡን ዋጋ ያነሣለታል እንጂ የጠበቃውን ዋጋ አያነሣለትም።

የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የነገረ ፈጁን ዋና እንጀራ በአንድ ቀን ቈረጠው። መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ስለ ገጠር መሬት የሚነሣውም ነገር ከመደበኛው ፍርድ ቤት ወጥቶ ለገበሬ ማኅበራት የፍርድ ሸንጎ ተሰጠ። ትውልድ እየቈጠሩ፥ አባት እየጠሩ፥ ለዐሥርና ለሃያ ዓመት የሚሟገቱበት ርስት በሌለበት፥ ዋጋውን ከርስቱ የሚጠብቀው ሰው ሥራ አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ሙያው ሲያንሰራራ በከተማ፥ በንግድና በሥራ ክርክር ላይ ተመሥርቶ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20፥ ጠበቃ ለማቆም ዐቅም ያጣና በዚህም ምክንያት ፍትሕ የሚጓደልበት ተከሳሽ ከመንግሥት ጠበቃ እንዲመደብለት አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 እያንዳንዱ ጠበቃ በዓመት 50 ሰዓት በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ እንዲያገለግል ግዴታ ጣለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ ጠበቆች በማኅበር ተደራጅተው በድርጅት ስም እንዲሠሩ ፈቀደ። ባንኩና ኩባንያው በዓመት ውል ጠበቃ ይዞ፥ ነገር ኖረም አልኖረም በየወሩ የተቆረጠ ገንዘብ ሲከፍል፥ የመኰንኑ ድርጎ በብር ተለውጦ ተመለሰ ማለት ነው። «ነገረ ፈጅ» የሚለው ጥንታዊ ስምም ወደ ቀድሞ ቦታው ገባ፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በድርጅት በደመወዝ ተቀጥሮ ለአንድ ቤት ብቻ የሚሟገተውን ሰው ያመለክታል። ለሚመጣው ባለጉዳይ ሁሉ በዋጋ የሚቆመው ግን ጠበቃ ይባላል። ለሁለቱ ስሞች ልዩነት ምክንያቱ የዕውቀት ደረጃ አይደለም፤ የክፍያው መንገድ ነው።

የዘመዱም ቦታ ፈጽሞ አልተዘጋም። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ባለጉዳዩ ራሱ ቀርቦ እንዲናገር ይፈቅዳል፤ የቅርብ ዘመዱም በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ስለ እርሱ ሊቆም ይችላል። የ1992ቱ የጠበቆች ፈቃድ አዋጅም ለትዳር ጓደኛው፥ ለወላጁ፥ ለልጁ፥ ለወንድሙ ወይም ለእኅቱ ያለ ዋጋ የሚከራከረውን ሰው ፈቃድ አልጠየቀውም። ገንዘብ የተቀበለ እንደ ሆነ ግን ወንድም ቢሆንም ፈቃድ ያስፈልገዋል። በፍርድ ቤቱ ደጅ ያለው ራፖር ጸሐፊ ቀለሙን ትቶ በኮምፒዩተር ይጽፋል፤ ዋጋውን ግን ያው እንደ ድሮው በገጽ ይቆጥራል። ጠበቃ ለማቆም ያልቻለው ባለጉዳይ ያን ወረቀት ይዞ ይገባል፤ ስሙ ሲጠራም ተነሥቶ ራሱ ይናገራል።